ቀርከሃ የሸፈነው ጎድጓዳ

ኦገስት 11
ለውድ አባቴ ለአባህ ኦጆ፣
ቺምበላ መንደር

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ዶሮዎቹስ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን።

ደብዳቤዎን ዱዱንግ የጎመን መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ራሱ ቢሮ ድረስ ገብቶ ሰጠኝ። ይህን ያህል ቀን መልስ ሳልሰጥ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር። ሥራስ ሁልጊዜም አለ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እርስዎ ቢሮ የመጡበት ቀን ፊቴ ላይ እየተደቀነ አላስጽፍ ብሎኝ ነው።

ሩዙን በላኸው ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ በልቼዋለሁ። ዓሣውም ቃሪያውም ልክ እንደ ድሮው ነው። እጅዎ ይባረክ። ወንበር ሳልሰጥዎ የቀረሁት ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው ስለነበር ነው። ኃላፊዬም አጠገቤ ነበር። ሁላችንም ቆመን ነበርና እንደ ንቀት አይቁጠሩብኝ።

ካርታውን ደግመህ አየኸው ወይ ላሉኝም፣ አይቼዋለሁ። ምንም ሥጋት አይግባዎ። መስመሮቹን የሠራው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ አያዳላም፣ አይደክመውም። እርስዎን ጨምሮ አምና በናዳው ቤታቸው የፈረሰባቸው ሃያ ሁለት አባወራዎች የሚሰፍሩበት ቦታ ሜዳ ነው፤ ሰፊ ሜዳ። የትውልድ መንደሬ ስለሆነ ካርታውን እኔው ልሥራው ብዬ ለምኜ ነው የወሰድኩት። እዚያ ጋ ጎድጓዳ አለ ያሉኝ ነገር ምናልባት የድሮ ይሆናል። ዕድሜም ቦታን ያሳስታል።

እጅ ነሥቻለሁ።
ልጅዎ ናንዳንግ

ኦገስት 24
ለልጄ ለናንዳንግ

ወዓለይኩም ሰላም። ጉልበቴን ጠይቀሃል። አሉ ሁለቱም፤ እርስ በርሳቸው አይስማሙም እንጂ። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው፤ አንዷ ብቻ እንቁላል መጣል ትታ መዞር ሆኗል ሥራዋ።

መጻፍህ ጥሩ ነው። በስልክ ብታወራኝ የምሰማው ንብ ብቻ ነው። ዱዱንግ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «አባህ፣ ሐኪም ይየው እንጂ!» ብሎ ይጮህብኛል። «ሰባ ዓመት ሙሉ የናንተን ወሬ ሲሰማ ኖሯል፣ ይረፍበት» አልኩት።

የወንበሩን ነገር ተወው። ቁጢጥ ማለት ለምጃለሁ።

ዶዘሩ መጣ። ቦታውን የሸፈነውን ቀርከሃ በሁለት ቀን ቆርጠው ጨረሱት። ሲያልቅ ከሥሩ ያለው ታየ፤ ሾፌሩ ወርዶ ጠርዙ ላይ ቆመና ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። አገላበጠው፣ ዘቀዘቀው። «አባባ፣ ይሄ እኮ ሜዳ ነው ይላል!» ብሎ ጮኸብኝ፣ እኔ የቆፈርኩት ይመስል። መሬቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ማኅተም አለው፣ መሬቱ የለውም። ሦስት ቀን ሙሉ አፈር እየገፋ ሞላበት። አሁን ካርታህ ልክ ሆኗል።

ሰዉ መጀመሪያ አቅማምቶ ነበር። ሹሙ «የሠራው እኮ የራሳችን ኢንጂነር ነው፣ ናንዳንግ ነው!» ሲላቸው ጊዜ እሺ አሉ። ሥራውም በደቦ ተጀምሯል፤ ግድግዳው ከዚያው ከተቆረጠው ቀርከሃ ነው። እኔንም የኢንጂነሩ አባት እያሉ ሻይ ይጋብዙኛል። ሻዩን እጠጣለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ታውቃለህ፣ በወጣትነቴ የመስኖ ቀያሾች ሲመጡ ባለ ቁጥሩን እንጨት ተሸክሜ ሦስት በጋ አብሬያቸው ዞሬያለሁ። መጻፍም የተማርኩት ከእነሱ ነው። እነዚያ ሰዎች አንዲት መስመር ለማስመር አረንቋ ረግጠው፣ አልቅት እግራቸውን መጦት፣ ገደል ወርደው ነው። አንተ እግርህን ሳታነሳ ያ ሁሉ መስመር ከየት መጣ? ልወቅስህ አይደለም። ማወቅ ፈልጌ ነው።

አባትህ ኦጆ

ሴፕቴምበር 7
ለውድ አባቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ላነሱልኝ ጥያቄ መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር የጀመርኩት። እንዲህ ነው።

በሰማይ የሚዞር መሣሪያ አለ። ምድሪቱን እንደ ሰሌን በካሬ በካሬ ከፋፍሎ፣ ለያንዳንዱ ካሬ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከፍታው ስንት ሜትር እንደሆነ። የአንዱ ካሬ ጎን ሠላሳ ሜትር ያህላል። እኔ ያንን ቁጥር ሁሉ ከኢንተርኔት አወርድና ለኮምፒውተሩ «በየአሥር ሜትሩ መስመር አውጣልኝ» እለዋለሁ። እሱ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች እየተከተለ ያሰምራል። ኮንቱር የምንለው ይህንን ነው። የሩዝ እርከናችንን ጠርዝ ያስቡት፤ ውኃው ወደየትም ሳያጋድል የሚቆምበትን። እርስዎ በሦስት በጋ የዞሩትን እኔ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ እጨርሰዋለሁ።

መስመሮቹ መጀመሪያ ሲወጡ ግን ያስጠላሉ። ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስሉት። ኃላፊዬ እንዲያ ሆኖ ማየት አይወድም። ስለዚህ ማለስለሻ የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ሰጠሁት። አንዴ አልበቃኝም፤ ሦስት ጊዜ አለሰለስኩት። እንዴት አማረ መሰለዎ! ኃላፊዬ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ለእርስዎ ትክክለኛውን ቁጥር ልጻፍልዎ ብዬ ነበር። እርስዎ ጎድጓዳ ያሉትን የለጎክ አዊን ካሬ ነካሁት፤ ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ይላል። ጎኑ ያለው መንገድ ሰባት መቶ አሥራ ሦስት። እኩል ነው፣ ሜዳ ነው ብዬ ልጽፍልዎ ስል እናቴ ትዝ አለችኝ። ለጋ የቀርከሃ ቡቃያ ልንለቅም እዚያ ስንሄድ እንወርድ ነበር፣ አባህ። ሥር ሥሩን እየያዝን፣ በቂጣችን እየተንሸራተትን እንወርድ ነበር። ከታች ሆኜ ሽቅብ ሳይ የቀርከሃው ጫፍ ከመንገዱ ጋር ትክክል ነበር።

መሣሪያው ያየው የቀርከሃውን ጫፍ ነው። መሬቱን አላየውም።

ይህንን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ተምሬዋለሁ። ዛፍ ባለበት ቦታ ሰው በእግሩ ሄዶ ይለካ ተብለናል። ካርታው ላይ «በመስክ ተረጋግጧል» የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ፈርሜያለሁ። አልሄድኩም። ሌላ አገር ቢሆን እሄድ ነበር። የገዛ አገሬ ነው፣ ምኑን እለካዋለሁ አልኩ።

ፊቴን በምን እንደምሸፍነው አላውቅም። እባክዎን ለማንም አይንገሩብኝ። ዝናቡ እስኪገባ ጊዜ አለ፤ ቀስ ብዬ፣ ድምፅ ሳላሰማ አስተካክለዋለሁ። ሙሌቱ መሐል ላይ የሚውለው ቤት ቁጥር አሥራ አራት ነው። ለማን ደረሰው?

ናንዳንግ

ሴፕቴምበር 16
ለልጄ ለናንዳንግ

መልስህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ አላስፈለገኝም፣ ግልጽ ነው።

አያቶቻችን ቀርከሃውን እዚያ የተከሉት እኮ የውኃ መንገድ ስለሆነ ነው፤ ሥሩ አፈሩን እንዲይዝላቸው። ለጎክ አዊ፣ የቀርከሃው ጎድጓዳ፣ ያሉትም ሲቃዡ አይደለም። ሹሙ አሁን «አዲስ ብርሃን ሰፈር» የሚል ሰሌዳ ተክሎበታል። ውኃው ማንበብ ቢችል ጥሩ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ፈርቼልህ ግን አይደለም። ፊርማው ያንተ ነው፣ ከአንተ አፍ መውጣት አለበት።

ዕጣው ወረቀቱ በብርጭቆ ተደርጎ ወጣ፤ ሁላችንም በየተራ እጃችንን ከተትን። አሥራ አራት ለአቺህ ደረሳት፤ ባሏን ናዳው የወሰደባት፣ ያቺ የሦስት ልጆች እናት። አሁን ግን እዚያ አትገባም። ነፋስ የሚወድ ሰው ተገኝቶ ተለዋወጣት። ልጆቿን ይዛ ዳገቱ ላይ፣ ዓለቱን የተደገፈው ቤት ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ስለ እሷ አትጨነቅ።

ሌላ ምን አለ? ቤቴ አልቋል። የወጥ ቤቱ በር ጠማማ ነው፣ እኔው ነኝ የገጠምኩት። ቶሎ ጻፍ። ደመናው ዘንድሮ ችኩል ነው።

አባትህ ኦጆ

ሴፕቴምበር 30
ለውድ አባቴ

መቼ ነው የምትናገረው ብለው ሁለት ጊዜ ጽፈውልኝ ሁለቱንም ዝም አልኩዎ። ሁለተኛው ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ነው ወደ ኃላፊዬ የገባሁት። ነገርኩት። ቁጥሩንም፣ ቀርከሃውንም፣ ፊርማውንም።

በሩን ዘጋው። «ናንዳንግ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥተን መጥተናል እኮ» አለኝ። «በሚቀጥለው በጀት የድጋፍ ግንብ እንጠይቅላቸዋለን። አሁን አፍህን ብትከፍት ማን የሚወድቅ መሰለህ? እኔ ፈርሜያለሁ?»

እሺ አልኩት። አባህ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሌላ መንደር መስመር ሳወጣ ዋልኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

አንዴ ከተናዘዝኩ ሁሉንም ልበል። ያን ቀን እርስዎ በሽርጥዎ፣ እግርዎ ጭቃ እንደሆነ፣ ካርታውን አጥፈው ይዘው ሲገቡ ኃላፊዬ «ማነው?» አለኝ። «ከአገር ቤት የመጣ ሰውዬ ነው፤ ሲደክመው ይሄዳል» አልኩት። አባቴ ነው አላልኩም። በጣትዎ ካርታው ላይ «ውኃው በዚህ ነው የሚሄደው» እያሉ ሲያሳዩኝ እኔ እንግዶቹን እያየሁ ፈገግ እል ነበር። ጆሮዎ እንደማይሰማ ስለማውቅ፣ እሱን ተማምኜ ነው የተናገርኩት።

ሩዙንም አልበላሁትም። የዓሣው ሽታ ክፍሉን እንዳይሞላው ብዬ ከነሙዝ ቅጠሉ ለበሩ ጠባቂ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር «ያ ሩዝ ከማን ቤት ነበር?» ይለኛል።

ያን ቀን ሰምተውኝ ነበር? ይህን ሳላውቅ እንቅልፍ የለኝም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ናንዳንግ

ኦክቶበር 10
ለልጄ ለናንዳንግ

አልሰማሁህም። አንዲትም ቃል አልሰማሁም።

ኃላፊህ አንድ ነገር ጠየቀህ፤ አንተ ግን ከመመለስህ በፊት እግሬን አየህ። ከዚያ ነው አፍህ የተንቀሳቀሰው። ይህን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም።

አውቶቡስ ላይ ሆኜ ስመለስ፣ ምነው ቦዩ ጋ ታጥቤ በገባሁ እያልኩ ራሴን ስረግም ነው የሄድኩት። እኔም አፍሬ ነበር ማለቴ ነው። አባትና ልጅ ተፋፍረን ተለያየን። እሱን ይቅር ብዬሃለሁ፤ ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ። ጠባቂው ሩዙን ከወደደው ደግሞ ሰላም በልልኝ፤ ሰው ነው።

ሌላውን ግን ይቅር ልልህ አልችልም። የኔ አይደለማ። የሃያ ሁለት በር ነው። ይቅርታ ከፈለግክ በር በሩን ነው የምታንኳኳው።

ዝናቡ ሰኞ ጀመረ። አዲሱ ቤት እንዴት ነው ብለህ ባትጠይቀኝም፣ ልንገርህ። ነፋሱ ጥሩ ነው። ደጃፉ ላይ አንዲት ስንጥቅ አለች፤ ሰኞ ጣቴ አይገባባትም ነበር፣ ዛሬ ይገባል። ምናልባት ጣቴ ከስቶ ይሆናል።

አባትህ ኦጆ

ኦክቶበር 18
ለአባቴ

ሰላምታ የምጽፍበት ልብ የለኝም፣ ይቅር ይበሉኝ።

ዱዱንግ ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ «አባትህን ግን ምን ነካቸው?» አለኝ እየሳቀ። «ያንን የመሰለ ስድስት ቁጥር፣ ዓለት የተደገፈውን፣ ለአቺህ ሰጥተው አሥራ አራት ገቡ እኮ! 'ነፋስ እወዳለሁ' ይላሉ። ጃጁ እንዴ ብለን ሞተን በሳቅ!» የጎመን ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። 

ነፋስ የሚወድ ሰው! ምን ሊያደርጉኝ ነው፣ አባህ? ሲደረመስ የምቀብረው የራሴን አባት ብቻ እንዲሆን ነው? ሌላ ሰው ደረቱን እየደቃ ስሜን እንዳይጠራ ነው? እኔ እርስዎን በሰው ፊት ካድኩ፤ እርስዎ የኔን ስሕተት ከሥርዎ አንጥፈው ተኙበት። ምነው በሰደቡኝ!

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም በጽሑፍ አድርጌ መዝገብ ቤት ሰጠሁ፤ ግልባጩን ለሹሙ ልኬያለሁ። ኃላፊዬ ወረቀቱን አንብቦ በሩን ዘጋብኝ። ካርታውንም ከግድግዳው ላይ እኔው አወረድኩት።

ረቡዕ እመጣለሁ። የመለኪያ መሣሪያ ከጓደኛዬ ተውሻለሁ። ሐሙስ ለጎክ አዊን ከላይ እስከ ታች በእግሬ እለካዋለሁ። ቢፈቅዱልኝ ባለ ቁጥሩን እንጨት እርስዎ ይያዙልኝ፤ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ሰዉ ጫማውን ሳያደርግ፣ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆሜ እናገራለሁ። ከዚያ በር በሩን።

እስከዚያ ድረስ እባክዎ፣ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ ከዚያ ቤት ይውጡ።

ናንዳንግ

ኖቬምበር 15
ለልጄ ለናንዳንግ

ሰዉ ስለ እኔ ምን ይላል ብለህ ጠይቀሃል። አልዋሽህም፣ ይረግሙሃል። በገዛ እጃቸው ያቆሙትን ቤት ጥለው ትምህርት ቤቱ ውስጥ በሽርጥ ተጋርደው ተኝተዋል። ይህን እያዩ ሊያመሰግኑህ አይችሉም። ሹሙ «የራሳችን ኢንጂነር» ማለቱን ትቷል። ሻይ የሚጋብዘኝም ጠፍቷል፤ ከቤቴ አፍልቼ እጠጣ ነበር፣ አሁን ቤቱም የለም።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሙሌቱ ሄደ። አራት ቤት ይዞ ነው የሄደው፤ አሥራ አራትን ጨምሮ። ሰው አልነበረባቸውም፤ አንተ ከተናገርክበት ዓርብ ጀምሮ ማንም አላደረባቸውም። እኔ ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ነበርኩ፣ በእግሬ ነው የተሰማኝ። ሰዉ ሲሮጥ ሳይ ገባኝ። ተቆጠርን፤ ሰው አልጎደለም። ያቺ እንቁላል የማትጥለው ዶሮ ብቻ ጠፋች። ውኃው የድሮ መንገዱን ይዞ ወርዷል፤ አንተና እኔ ቆመን የለካነው ጋ፣ ከመንገዱ ሰባት ሜትር ዝቅ ብሎ ያገኘነው ላይ።

አቺህ ያን ዓርብ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ምን እንዳለችህ አልሰማሁም። አንተም ራስህን ነቀነቅክ እንጂ አልመለስክላትም፤ ደግ አደረግክ። ማክሰኞ ግን የአራቱ ቤቶች ነገር ከታየ በኋላ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ብዙ ቆየች። ይቅር ብላሃለች ልልህ አልችልም፣ አልጠየቅኳትም።

ከሥራ መታገድህን ለምን ደበቅከኝ? ዱዱንግ ነገረኝ። ሲለካ መዋል የሚችል ሰው ሥራ አያጣም። እኔ እንጨት እይዝልሃለሁ፣ በነፃ አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። ዛሬ ጠዋት የምልክልህን ጥቅል ይዤ ወደ ዱዱንግ መኪና ሄድኩ። ገበያ ነው፣ ሰዉ ሞልቷል፤ ሹሙም አለ፣ አቺህም አለች። ዱዱንግ ስምህን በእነሱ ፊት መጥራት ፈራ መሰለኝ፣ በአገጩ ወደ ከተማው አመልክቶ «ለዚያ ሰውዬ ነው?» አለኝ፤ እሱን እንኳ ጆሮዬ ሥር አፉን አስጠግቶ።

«ለልጄ ነው» አልኩት። «ለልጄ ለናንዳንግ!»

ደንቆሮ ነኝና ድምፄን መመጠን አልችልም። ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጥቅሉ ውስጥ ያለው ሩዝ ነው። ሳይውል ሳያድር ብላው፤ ዓሣው ይሸታል።

አባትህ ኦጆ